የቪዲዮዋ አስተማሪ ትናንት ዳገት መውጣትሽን አታውቅም

ጥያቄ፦ ሰላም ኮች። 29 ዓመቴ ነው። የምኖረው አያት አካባቢ ሲሆን ሥራዬ ቀኑን ሙሉ ቢሮ ቁጭ ማለት ነው። ኅዳር ላይ ለሚደረገው ታላቁ ሩጫ እየተዘጋጀሁ ነው። ማክሰኞ ፍጥነት፣ ሐሙስ ቀለል ያለ ሩጫ፣ እሑድ ደግሞ ከጓደኞቼ ጋር እንጦጦ ላይ ረጅም ሩጫ አለኝ። ሰውነቴ ደረቅ ስለሆነ ዩቲዩብ እያየሁ ቤት ውስጥ ዮጋ ጀመርኩ። ማታ ማታ 40 ደቂቃ ያህል እሠራለሁ። አንዳንዴ ጠዋት ከመሮጤ በፊትም እሠራለሁ። አብዛኛው ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ የእግር ጣት መያዝ ነው። አሁን ጣቴን መንካት ችያለሁ። ግን በግራ በኩል መቀመጫዬ ሥር፣ ልክ አጥንቱ ጋ፣ ማመም ጀምሮኛል። ታክሲ ውስጥ ስቀመጥና ዳገት ስወጣ ይብስብኛል። ዮጋውን ልጨምር ወይስ ልተው? እናቴ ደግሞ «የሌላ ሃይማኖት ጸሎት ነው» ብላ ቅር ብሏታል። ምን ይመክሩኛል?
ር. ከአያት

መልስ፦ እህቴ፣ ሕመሙ ስለሚቀድም ከእሱ ልጀምር።

የሚያምሽን ቦታ በትክክል ስለገለጽሽው አመሰግናለሁ። ከጭን በስተጀርባ ያሉት ትልልቅ ጡንቻዎች ከላይ በጅማት የሚያያዙት እዚያው የምንቀመጥበት አጥንት ላይ ነው። ስንሮጥ፣ በተለይ ዳገት ስንወጣ፣ ያ ጅማት ብዙ ጫና ይሸከማል። ጉልበትሽን ሳታጥፊ ወደ ፊት ስትጎነበሺ ደግሞ ጅማቱ ከመሳቡም በላይ አጥንቱ ላይ ይጫናል። ስትቀመጪም እንደዚያው። ቀን ቢሮ ወንበር፣ ማታ 40 ደቂቃ ጎንበስ ቀና፣ እሑድ እንጦጦ፤ ጅማቱ የሚያርፍበት ጊዜ የለውም ማለት ነው። እንዲህ ያለው ሕመም ሯጮችም ዮጋ የሚያዘወትሩ ሰዎችም ላይ ይታያል። ክፋቱ፣ ስትለጥጪው ለጊዜው ደስ ይላል። ስለዚህ ሰው የበለጠ ይለጥጠዋል፣ ሕመሙም ይረዝማል።

ከደብዳቤ ተነስቼ ምርመራ ማድረግ አልችልም። ፊዚዮቴራፒስት ይይሽ። ሕመሙ እግርሽን ተከትሎ ወደ ታች ከወረደ፣ ከደነዘዘሽ ወይም ሌሊት ከቀሰቀሰሽ ነገ ዛሬ አትበይ። እስከዚያ ድረስ ግን ወደ ፊት ማጎንበሱን ሙሉ በሙሉ አቁሚ። ቁጭ ብሎም፣ ቆሞም። አስተማሪዋ «አሁን ወደ ፊት» ስትል አንቺ ጉልበትሽን እጠፊ ወይም በጀርባሽ ተኝተሽ ጠብቂያት።

በእሱ ፈንታ ድልድይ የሚሉትን ሥሪ። በጀርባሽ ተኚ፣ ጉልበትሽን እጠፊ፣ መቀመጫሽን ከመሬት አንሺና ከ30 እስከ 45 ሰከንድ ያዢው። አርፈሽ አራት አምስት ጊዜ ድገሚ። እየለመድሽው ስትሄጂ እግርሽን ከመቀመጫሽ ራቅ አድርጊ፤ ጡንቻው የበለጠ ይሠራል። ትንሽ ቢያምሽ ችግር የለውም። በማግስቱ ጠዋት ከበፊቱ ብሶ ከተነሳሽ ግን በዝቷልና ቀንሺ። ለጥቂት ሳምንታት እንጦጦን ትተሽ ሜዳ ላይ ሩጪ። ጓደኞችሽ ይቅር ይሉሻል።

አሁን ወደ ዮጋው። መተው የለብሽም። ዓላማሽን ነው መቀየር ያለብሽ።

የእግር ጣት መንካት 10 ኪሎ ሜትር ላይ አንድ ሰከንድ አይቀንስልሽም። የሯጭ ጅማት እንደ ስፕሪንግ ነው የሚሠራው፤ መሬት ስትረግጪ ጉልበት ያጠራቅምና ሲፈናጠር ይመልስልሻል። ስለዚህ መጠነኛ ድርቀት ጠላትሽ አይደለም። ልምምድ የማሠራቸው ሰዎች ብዙዎቹ «ደረቅ ነኝ» ብለው ይመጣሉ። በአንድ እግር ቁሙ ስላቸው ግን ቁርጭምጭሚታቸው ይንቀጠቀጣል፣ ዳሌያቸው ወደ አንድ ጎን ይወድቃል። ሩጫ ማለት ደግሞ ከአንድ እግር ወደ ሌላው መዝለል ነው፤ ሁለቱ እግሮች አብረው መሬት የሚነኩበት ጊዜ የለም። እኔ ከዮጋ የምፈልገው ይሄንን ነው፦ በአንድ እግር መቆም፣ የሆድና የጎን ጥንካሬ፣ እንዲሁም ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ለሚውል ሰው የሽንጥ ፊት ለፊት መከፈት። ዛፍ የሚባለው አቋም፣ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ሆኖ መቆም፣ ፕላንክ (በክንድና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መያዝ)፣ የጎን ፕላንክ፣ አንድ ጉልበት መሬት አስነክቶ ሽንጥን ወደ ፊት መግፋት። እነዚህ ያሉበትን ቪዲዮ ፈልጊ። እርግብ የሚሉት፣ አንዱን እግር ከፊት አጥፎ ሌላውን ወደ ኋላ የሚዘረጉበት አቋም ላይ ጉልበትሽ ከተጠመዘዘ ወይም ካመመሽ ግን እለፊው፤ እሱን መሥራት ግዴታ የለብሽም።

ጠዋት ከመሮጥሽ በፊት የምትሠሪውን ተይው። አንድን ጡንቻ ከአንድ ደቂቃ በላይ ለጥጦ መያዝ ለጊዜው ኃይሉን ትንሽ ይቀንሰዋል። ማክሰኞ ለፍጥነት ስትወጪ የምትፈልጊው ተቃራኒውን ነው። የእኛ አትሌቶች ለዚህ መልሱ አላቸው፤ ጂምናስቲክ ይሉታል። ጃንሜዳ ወይም መስቀል አደባባይ በማለዳ ብትሄጂ ታያቸዋለሽ። ተሰልፈው፣ በአንድ ምት፣ ጉልበት ከፍ፣ ክንድ ማሽከርከር፣ ወደ ጎን መሄድ፣ እግር ወዲያና ወዲህ ማወዛወዝ። ሁሉም በእንቅስቃሴ ነው፣ ተይዞ የሚቆይ ነገር የለም። እንደ እኔ እንደ እኔ ለጠዋት ከየትኛውም የዮጋ ቪዲዮ ይሻላል። ቀለል ያለ ሩጫ ለ10 ደቂቃ ሩጪ፣ ከዚያ ጂምናስቲክ ሥሪ፣ ከዚያ ወደ ፍጥነትሽ ግቢ።

ቪዲዮውን የት እናስገባው? ሙሉውንና ጠንከር ያለውን ረቡዕ ማታ አድርጊው፤ 25 ደቂቃ ይበቃል፣ 40 አያስፈልግሽም። ሐሙስ ቀላል ሩጫ ስለሆነ እግርሽ ትንሽ ቢከብድሽም አይጎዳሽም። ዓርብም መድገም ትችያለሽ፣ አጠር አድርገሽ። ማክሰኞ ማታ ቪዲዮውን ተይው፤ የፍጥነቱ ልምምድ ራሱ በቂ ነው። እሑድ ከረጅም ሩጫ በኋላ ከባድ ነገር አትንኪ፤ እግርሽን ግድግዳ ላይ ወደ ላይ ዘርግተሽ ተኝተሽ በእርጋታ መተንፈስ ይበቃሻል። የጡንቻ ሕመም ብዙ ጊዜ የሚበረታው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ስለሆነ ሰኞ ደህና ነኝ ብለሽ አትታለዪ። ስማቸው ላይ «ፓወር» ወይም «ቪንያሳ» የሚል ያለባቸው ቪዲዮዎች አብዛኛውን ጊዜ ራሳቸውን የቻሉ ከባድ ልምምድ ናቸው፤ እንደ ማሳረፊያ አትቁጠሪያቸው።

የቪዲዮ አስተማሪ፣ የቱንም ያህል ጎበዝ ብትሆን፣ አታይሽም። ትናንት ዳገት መውጣትሽን አታውቅም፣ መቀመጫሽ ሥር ማመሙን አታውቅም። ስለዚህ የምትመርጪያት አስተማሪ «ካልቻላችሁ እንዲህ አድርጉ» እያለች አማራጭ የምትሰጥ ትሁን። ቪዲዮውን መጀመሪያ ቁጭ ብለሽ እዪው፣ የማይሆንሽን ለዪው፣ ከዚያ ሥሪ። አውርደሽ አስቀምጪው፤ ኔትወርኩ አቋም መሃል ላይ ሲቆም ሰው አንገቱን አጣሞ ስልኩን ሲነካካ አይቻለሁ። ስልኩን መሬት ላይ ሳይሆን ወንበር ላይ አቁሚው። የዮጋ ምንጣፍ ከሌለሽ ጫማና ካልሲ አውልቂ፣ በሚንሸራተት ሥጋጃ ላይ አትሥሪ። ጉልበት መሬት የሚነካበት ላይ ብርድ ልብስ አጥፈሽ አንጥፊ።

ትንፋሽን በተመለከተ አንድ ነገር ላክል። ብዙ የዮጋ አስተማሪዎች «በአፍንጫ ብቻ» ይላሉ። ምንጣፉ ላይ ጥሩ ነው፣ ያረጋጋል፣ ለእንቅልፍም ይረዳል። ዳገት ላይ ግን አታድርጊው። አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ እንጦጦ ወደ 3,000 ይጠጋል። እዚያ በአፍም በአፍንጫም ሳቢ።

እናትሽን በተመለከተ። ስጋታቸው ከሜዳ የመጣ አይደለም። ዮጋ ሕንድ አገር ከሃይማኖታዊ ሥርዓት ጋር አብሮ ያደገ ነገር ነው፣ እዚያ ለብዙዎች ዛሬም መንፈሳዊ ነው። ይሄን መካድ እሳቸውንም ሕንዶቹንም አለማክበር ነው። በሌላ በኩል በአንድ እግር መቆም ወይም መቀመጫን ከመሬት ማንሳት የማንም ሃይማኖት አይደለም። ቪዲዮ ላይ ማዜምና ማሰላሰል ካለ መዝለል ትችያለሽ። እንዲያም ሆኖ ልብሽ ካልተረጋጋ «ሞቢሊቲ» ወይም «ፒላተስ» ብለሽ ፈልጊ፤ ከላይ ያልኩሽን አብዛኛውን እንቅስቃሴ እዚያም ታገኚዋለሽ። ተደብቀሽ ግን አትሥሪ። አንድ ምሽት እናትሽን አስቀምጠሽ አሳዪያቸው። ድልድዩን አብረውሽ ቢሞክሩት ለወገባቸውም አይከፋም። ከፈለግሽም የንስሐ አባትሽን ጠይቂ፤ ይሄን ጥያቄ ከእኔ በተሻለ የሚመልሱልሽ እሳቸው ናቸው።

ሩጫው ሲቃረብ፣ በመጨረሻው ሳምንት ጠንካራውን ቪዲዮ አቁሚ። ቀለል ያለውንና የለመድሽውን ብቻ፣ 10 ወይም 15 ደቂቃ ሥሪ። በዋዜማው ማታ አዲስ ቪዲዮ አትክፈቺ። ሕመሙ እስከዚያ ካልለቀቀሽ ደግሞ ከመሮጥሽ በፊት ጻፊልኝ፣ ፊዚዮቴራፒስቱ ያለሽንም አብረሽ ንገሪኝ።