ጃኬቱ አያፈስም፤ ያላበህ አንተ ነህ

አንድ የድሬዳዋ ነዋሪ እንዲህ ሲል ጠይቆኛል፦ «ጋሼ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር በብስክሌት ወደ ደንገጎ እንወጣለን። ከታይዋን ገበያ ታጥፎ ኪስ ውስጥ የሚገባ የዝናብ ጃኬት ገዝቻለሁ፤ መለያው ላይ 10,000 ይላል። ዳገቱን ስጨርስ ግን ብብቴ፣ ክንዴና ደረቴ ርሶ አገኘዋለሁ። ስንመለስ ቁልቁለቱ ላይ በብርድ እንቀጠቀጣለሁ። ከወገቤ በላይ ደግሞ መሃል ጀርባዬ ጭቃማ ውሃ ይይዛል። አንድ ልብስ ሰፊ ትከሻው ላይ ጨርቅ ደርቦ ሰፋልኝ። ሻማ ቀባው ያለኝም ነበር፤ ብቀባው ባሰበት። አሁን 20,000 የሚል ልግዛ?»

ልጄ፣ ለጊዜው ገንዘብህን ኪስህ ውስጥ አቆየው። ውሃው ከሰማይ የመጣ አይመስለኝም። ዝናብ የሚያስገባ ጃኬት መጀመሪያ የሚረጥበው ትከሻው፣ የአንገቱ ስፌትና የዚፑ ግራና ቀኝ ነው። አንተ የጠራሃቸው ብብት፣ ክንድና ደረት ናቸው፤ ያውም ዳገት ላይ። ይህ ላብ ነው። የጀርባህ ጭቃ ከጃኬቱ ጋር ምንም ጉዳይ የለውም፤ ፓራፋንጎ የሌለው የኋላ ጎማ ከአስፋልቱ ያነሳውን ውሃ ሽቅብ እየረጨብህ ነው። ፓራፋንጎ አስገጥም፤ እሱ በዚሁ አለቀ።

ካላመንከኝ ሞክረው። ሳፋ ላይ ደረቅ ሶፍት አንጥፍ። የጃኬቱን ጀርባ፣ የውጭ ፊቱን ወደ ላይ አድርገህ፣ በሶፍቱ ላይ ጎድጎድ አድርገህ አስቀምጥና ሁለት ብርጭቆ ውሃ አፍስስበት። ግማሽ ሰዓት ቆይተህ ሶፍቱን እየው። ደረቅ ከሆነ ጨርቁ ጤነኛ ነው። ትከሻውን ስትሞክር ግን ሶፍቱ እንደሚርስ ካሁኑ ልንገርህ፤ እሱ የዚያ ልብስ ሰፊ ሥራ ነው። እኔ ራሴ ሐረር መኪና ግርግር ላይ በስፌት የኖርኩ ሰው ነኝ፤ መርፌና ክር ሁሉንም ያድናል ብልህ ደስ ባለኝ ነበር። የዝናብ ጨርቅ ላይ ግን መርፌ በገባ ቁጥር አንድ ቀዳዳ ይጨመራል። ጃኬቱ ከፋብሪካ ሲወጣ ስፌቱ ከውስጥ በኩል በሙቀት በተለጠፈ ስስ ጥብጣብ ይሸፈናል። ሰውየው በጥብጣቡ ላይ ሰፍቶበት በመቶ የሚቆጠር ቀዳዳ ከፍቶልሃል፤ ከዚያም ሒሳብ ተቀብሏል! የተቀደደ ቦታ ከነበረ መፍትሔው ከውስጥ የሚለጠፍ ማጣበቂያ ጨርቅ ነበር። ጠርዙ ክብ ተደርጎ ይቆረጣል፤ ማዕዘን ያለው ቶሎ ይላጣል።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልምጣ፤ ይህን ነገር ማንም ሳያቋርጠኝ መናገር እወዳለሁ። 10,000 ማለት ጨርቁ ላይ 10,000 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 10 ሜትር ቁመት ያለው የውሃ ዓምድ ቢቆም ውሃው አይሾልክም ማለት ነው። ዝናብ ያን ያህል አይጫንም። ጨርቁን አጥብቆ የሚጫነው የቦርሳ ማንገቻ ነው፤ ለዚያም ቢሆን 10,000 በቂ ነው። ስለዚህ 20,000 ብትገዛ ከውጭ የሚመጣውን እንጂ ከውስጥ የሚወጣውን አያቆምልህም። የሚያስፈልግህ ብዙ ጊዜ በመለያው ላይ ሁለተኛ ሆኖ የሚጻፈው ቁጥር ነው። እሱ አንድ ካሬ ሜትር ጨርቅ በ24 ሰዓት ውስጥ ስንት ግራም የውሃ እንፋሎት እንደሚያስወጣ ይናገራል። ይህም 10,000 ነው እንበል። ለ24 አካፍለው፤ በሰዓት 417 ግራም ገደማ ይሆናል። ጃኬት የሚሸፍነው የገላ ስፋት ከአንድ ካሬ ሜትር ብዙም አይርቅም። በሙቀት ዳገት የሚገፋ ብስክሌተኛ ደግሞ በሰዓት አንድ ሊትር ሊያልበው ይችላል። ቀሪው የት ይግባ? በዚያ ላይ ቁጥሩ የተለካው በቤተ ሙከራ ነው። እንፋሎት በጨርቁ አልፎ የሚወጣው ውስጡ ከውጭው ይበልጥ ሞቃትና እርጥብ ሲሆን ነው። ድሬዳዋ ክረምት ላይ ዝናብ ጥሎ ፀሐይ ብልጭ ስትል የውጭው አየር ራሱ ሞቃትና እርጥብ ስለሚሆን እንፋሎቱን ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል ይደክማል። ከ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስተህ ወደ 2,000 ሜትር አካባቢ ስትወጣ አየሩ አምስት ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ቁልቁል ስትመለስ ነፋሱ ጨርቁን ያበርደዋል፤ ውስጥ የቀረው እንፋሎትም ልክ እንደ ድስት ክዳን ወደ ጠብታ ይለወጣል። አንተ «አፈሰሰ» የምትለው እሱን ነው። የሚያንቀጠቅጥህም ዝናቡ ሳይሆን የራስህ ላብ ነው።

ሻማው ነገሩን አባባሰው፤ እንፋሎት የሚወጣበትን መንገድ ደፈነው። የጨርቁ የውጭ ፊት ውሃን በጠብታ የሚያንከባልል ስስ ቅብ ነበረው። እሱ ሲያረጅ ጨርቁ ውሃ ይመጥና ይከብዳል፤ ባያፈስም መተንፈስ ያቆማል። ለዚያ መፍትሔው ጥቂት ሳሙና፣ ብዙ ውሃ ማለቅለቂያ፣ ከደረቀ በኋላም መለያው ከፈቀደ በመካከሉ ጨርቅ ጣል አድርጎ ለብ ባለ ካውያ ማለፍ ነበር። የልብስ ማለስለሻ የሚባለውን እንዳታስጠጋው።

እንግዲህ ምን ትገዛለህ? መጀመሪያ ልማድህን ለውጥ፦ ዳገቱን ጃኬት ሳትለብስ ውጣ። ክረምት ላይ ብትርስም ዳገቱ ራሱ ያሞቅሃል። ደንገጎ ጫፍ ላይ ቆመህ፣ እርጥቡን ካናቴራ በደረቅ ቀይረህ፣ ጃኬቱን ያኔ ደርብ። በዚህ አሠራር ከ100 እስከ 200 ግራም የሚመዝን፣ ታጥፎ በገዛ ኪሱ ውስጥ የሚገባ ስስ ጃኬት ይበቃሃል። በየቀኑ ዝናብ ውስጥ የምትውል ብትሆን ሦስት ንብርብር ጨርቅ ተጣብቆ የተሠራውን፣ ባለ ሦስት ድርብ የሚባለውን ግዛ እልህ ነበር፤ እሱ ግን ይከብዳል፣ ይወደዳል።

ገበያው ላይ ስትመርጥ ገልብጠህ እይ። ጥብጣቡ በሁሉም ስፌት ላይ መኖሩን፣ በተለይ ስፌቶች በሚገናኙበት ብብት ላይ፣ በጣትህ እየዳሰስክ አረጋግጥ። ጠርዙን በጥፍርህ ነካ አድርገው፤ ከተነሳ መልስለት። ርካሹ ዕቃ በአንድ ክረምት የሚላጠው እዚህ ላይ ነው። ዚፑ ከላይም ከታችም የሚከፈት፣ ከኋላውም የጨርቅ መሸፈኛ ያለው ይሁን። ፊቱ ጎማ የተቀባውን «ውሃ የማያስገባ» ዚፕ ርካሽ ጃኬት ላይ ካየህ እለፈው፤ ቅቡ መታጠፊያው ላይ ይሰነጠቃል። ብብቱ ስር መተንፈሻ ካለው ከማንኛውም ቁጥር ይሻልሃል። ቆመህ አትለካ፤ እጅህን መሪ እንደያዝክ ዘርግተህ ጎንበስ በል። እጅጌው አንጓህን መሸፈን፣ የኋላው ጠርዝም ከወገብህ መውረድ አለበት፤ የፊቱ ግን ሆድህ ላይ መከመር የለበትም። ቀለሙ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ይሁን።

ኮፍያውን ግን አደራ። ለብስክሌት ኮፍያ የሌለው ይሻላል። ካለውም የሚነቀል ወይም ተጠቅልሎ የሚታሰር ይሁን። ወደ ኋላ ስትዞር ራስህ ይዞራል፣ ኮፍያው ባለበት ይቀራል፤ ዓይንህ የሚያየው ጨርቅ ነው። በዚያ መንገድ ከአወዳይ ጫት የጫነ አይሱዙ እንዴት እንደሚበር ለአንተ አልነግርህም። ከሄልሜት በላይ የተደፋ ኮፍያ ጆሮህንም ይዘጋል፤ ወፍራሙን ከሄልሜት ስር ካደረግከው ደግሞ ሄልሜቱ ልኩን ይስታል። ኮፍያውን ሳታስር ቁልቁል አትውረድ።

ከሰልባጅ መግዛት ካማረህ ስሙ የታወቀ ጃኬት በርካሽ ይገኛል። ግን ውስጡን አሽትተው፤ የኮመጠጠ ሽታ ካለው፣ እጅ ላይ ከተጣበቀ ወይም ነጭ ቅርፊት ከፈነጠቀ ቅቡ ሞቷል፤ ማንም አያስነሳውም። አዲሱንም እርጥብ ሳለ አጥፈህ አትተወው፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ስር ሙቀት ውስጥም አታሰንብተው። የሚታጠፈው ለጉዞ ነው፤ ቤት ውስጥ ዘርግተህ ስቀለው።

የአሁኑን አትጣለው። ኮርቻ መሸፈኛ ወይም ትንሽ የመሣሪያ ቦርሳ ይወጣዋል። ወደ ሐረር ከመጣህ እሰፋልሃለሁ፤ ኮፍያህን አስረህ ና እንጂ። ሻማውን ግን ፍቀህ አምጣው፤ የስፌት መኪናዬን ጥርስ ይደፍንብኛል።