ትልቅ ፋይል ሲወርድ የቪዲዮ ጥሪ ለሚቆራረጥበት ቤት

ከደሴ የጠየቁን ወንድማችን፣ የቤትዎ መስመር 4 ሜጋ ቢት እንደሆነና ልጅዎ 30 ጊጋ ባይት ጌም ማውረድ ሲጀምር ጅዳ ካሉት እህትዎ ጋር የሚያደርጉት የቪዲዮ ጥሪ እንደሚቆራረጥ ገልጸው፣ ከፍ ያለ ጥቅል መግዛት ይኖርብኝ ይሆን ብለዋል። እኔም ኮምቦልቻ ላይ የምጠቀመው ይህንኑ የሚያህል መስመር ነውና፣ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት የማውረጃውን ፍጥነት እንዲገድቡ አጥብቄ እመክራለሁ።

ጥሪውን የሚጎዳው የመስመሩ ማነስ ብቻ አይደለም። ማውረጃው አቅሙን በሙሉ ሲይዘው፣ ማለፍ ያልቻለው ዳታ መስመሩ በሚጠብበት ቦታ ላይ ይከማቻል፤ የሐረጎን ዳገት የጫኑ መኪኖች ሲይዙት ከኋላ ያለው ሚኒባስ በእነርሱ እርምጃ እንደሚጓዝ ሁሉ፣ ጥቂት ዳታ ብቻ የሚፈልገው ድምፅም ወረፋውን ይጠብቃል። ወረፋው እንዳይፈጠር ማውረጃው ከመስመሩ አቅም በታች መሆን አለበት።

8 ቢት አንድ ባይት ስለሆነ፣ የእርስዎ መስመር ቢበዛ በሰከንድ 500 ኪሎ ባይት ያወርዳል። ጌሙ ስቲም በሚባለው የጌም መሸጫና ማውረጃ ፕሮግራም የሚወርድ ከሆነ፣ በሴቲንግ ውስጥ ዳውንሎድስ በሚለው ክፍል ገደቡን 350 ኪሎ ባይት ያድርጉት፤ ቁጥሩ በቢት ይሁን በባይት ግን አስቀድመው ያረጋግጡ። በዚህ ገደብ 17 ሰዓት ገደማ ይፈጅ የነበረው ፋይል ወደ 24 ሰዓት ይጠጋል፤ ቤተሰቡ ሲተኛ ገደቡን ካነሡት ግን ልዩነቱ በእጅጉ ይጠባል። ዊንዶውስም ለራሱ አፕዴት ተመሳሳይ ገደብ አለው።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው የመላኪያውን አቅጣጫ ነው። ፋይል የሚያወርድ ኮምፒውተር መረጃው እንደደረሰው መልሶ ማሳወቅ ስላለበት፣ በዚያው ሰዓት የአንዱ ስልክ ፎቶና ቪዲዮ ወደ ጉግል ፎቶስ እየጫነ ከሆነ ማውረዱም ጥሪውም አብረው ይዳከማሉ። ቶረንት (ፋይሉን እያወረደ ለሌሎችም የሚልክ የማውረጃ ዘዴ) የምትጠቀሙም የመላኪያውን ገደብ ክፍት አትተዉት። በእኔ ቤት ትልቁን ለውጥ ያመጣው የስልኮቹ ባክአፕ ወደ ሌሊት መዛወሩ ነው።

ራውተርዎ ለመሣሪያዎች ቅድሚያ የሚሰጥበት ክፍል ካለው እርሱም ይረዳል፤ ነገር ግን የሚሞሉለት ፍጥነት መስመሩ በእርግጥ ከሚሰጠው ዝቅ ያለ ካልሆነ ወረፋው ከራውተሩ ውጭ ስለሚፈጠር ቅድሚያው ብዙም አይሠራም። ይህን ሁሉ አድርገው፣ ምንም ሳይወርድ እንኳ ጥሪው ከተቆራረጠ፣ ያን ጊዜ ከጥቅሉ በፊት መስመሩን ራሱን ያስመርምሩ።