«ያቋረጠ» የምትለዋ ሳጥን

ሱስን ለማጥናት ለተነሳችሁ ልጆቼ፣

ሥራ ስጀምር መጠይቃችን ላይ «ያቋረጠ» የምትል ትንሽ ሳጥን ነበረች። ታካሚ ከቀጠሮው ሲቀር እዚያች ላይ ራይት አድርጌ አልፋለሁ። «አገረሸበት ማለት ነው» ብዬም እደመድማለሁ። ከዓመታት በኋላ ራይት ካደረግኩባቸው አንዱን መንገድ ላይ አገኘሁት። ልጁን ትምህርት ቤት ሊያደርስ ይጣደፋል። «ምነው ጠፋህ?» አልኩት። «ሥራ አገኘሁ። የእናንተ ቀጠሮ ደግሞ ሁሌ ጠዋት ነው» አለኝ። አፈርኩ። ለካ እኔ ጋ የወደቀው ሰውዬ ድኖ ኖሯል።

ህክምና ቦታ የምናየው ደጋግሞ የሚመጣውን ነው። በራሱ የተወው ምን ሊያደርግ ይመጣል? ስለዚህ ሱስ የያዘውን የማይለቅ ይመስለናል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ተመራማሪዋ ሊ ሮቢንስና ባልደረቦቿ ከቬትናም የተመለሱ አሜሪካውያን ወታደሮችን ተከታትለው ጠየቁ። እዚያ ሳሉ የሄሮይን ሱስ ከያዛቸው አብዛኞቹ አገራቸው ሲገቡ ወደ ሱሱ አልተመለሱም። አካባቢ ሲቀየር ሰው ውስጥ ምን ይቀየራል? ይቺ ጥያቄ ዛሬም ሰው ትፈልጋለች።

ያቺ ሳጥን ግን የዳኑትን ብቻ አይደለም የምትይዘው። ከእስር የተፈታ የሄሮይን ተጠቃሚ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የመሞት አደጋው ከፍተኛ ነው። ሰውነቱ ዕፁን መልመዱን ትቷል፤ እጁ ግን የድሮውን መጠን ያስታውሳል። የዳነውም የሞተውም አንድ ሳጥን ውስጥ ገብተው ምን ዓይነት ጥናት ይወጣል?

መድኃኒት አያስፈልግም እያልኩ እንዳይመስላችሁ። ለሄሮይን ሱስ የሚሰጠው ሜታዶን የተባለው መድኃኒት ብዙ ሰው በሕይወት አቆይቷል። ለኮኬይንና ለሜታምፌታሚን ሱስ ግን እስካሁን ይህ ነው የሚባል መድኃኒት የለም። ለእነዚህ ሽንቱ ሲመረመር ከዕፅ ንጹሕ ለሆነ ሰው ትንሽ ሽልማት መስጠት ይሠራል። ሽልማቱ ሲቆምስ? ይህን ለማወቅ የሦስት ወር ጥናት አይበቃም። ገንዘብ ሰጪዎች ረጅም ጥናት አይወዱም፤ ተከራከሯቸው።

የታካሚውን ስልክ ብቻ ሳይሆን የእህቱንም፣ የጓደኛውንም በፈቃዱ ተቀበሉ። የማታ ቀጠሮ ይኑራችሁ። እናት የሆነችውን ልጇን ማን እንደሚይዝላት ጠይቋት፤ ብዙ ሴቶች ከጥናት የሚቀሩት በዚህ ነው።

ያ ሰውዬ ስልኩን ሰጥቶኝ ነበር። በሳምንቱ ማታ ደወልኩለት፤ ሁለት ሰዓት አወራን። ከአሮጌው መጠይቅ የጠቀመኝ ጥያቄ ሁለት ብቻ ነበር።