የአንባቢዎች ጥያቄ፦ ቆሻሻ የተቀላቀለበት ትርፍ ባሩድ በወንፊት ተነፍቶ ለጥይት ይሆናል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። የዒላማ ተኩስ እወዳለሁ፣ ፈቃዱም አለኝ፣ የተተኮሰ ቀለህ እየሰበሰብኩ ራሴ መልሼ መሙላት ከጀመርኩም ቆየሁ። በቅርቡ አንድ ሰው ከወታደር ትርፍ የወጣ ነው ያለኝን ባሩድ በርካሽ ሸጠልኝ፣ ከተፈቱ ጥይቶች የተሰበሰበ ነው ብሎኛል። ነጭ ወረቀት ላይ ትንሽ አፍስሼ ሳየው የሚያብረቀርቅ ቢጫ ነገርና ጥቁር ፍርፋሪ አለበት፣ ቅንጣቶቹም አንዳንዱ ክብ ነው አንዳንዱ ደግሞ የተቆረጠ ዘንግ ይመስላል። ደውዬ ስጠይቀው «ምንም አይልም፣ በወንፊት ንፋው፣ ከዛ ከዝቅተኛው መጠን ጀምረህ ቀስ እያልክ ጨምር» አለኝ። ልጠቀመው ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ ይቅርብህ ወንድሜ፣ አንድም ጥይት እንዳትሞላበት። ለምን እንደሆነ ግን በደንብ ላስረዳህ፣ ምክንያቱም የሻጩ ምክር ሲሰሙት ልክ ይመስላል፣ ከዝቅተኛው ጀምሮ ቀስ እያሉ መጨመር ጥይት የሚሞላ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚማረው ነገር ነዋ። ችግሩ ያ ዘዴ እንደዚህ አይነት ባሩድ ላይ ጭራሽ አይሰራም።

ያየኸውን ነገር እንመልከተው። ጥይት ሲፈታ አረሩ ከቀለሁ ይነቀላል ባሩዱ ይገለበጣል። ብዙ የወታደር ጥይት ላይ አረሩና የቀለሁ አፍ የሚገናኙበት ቦታ እርጥበት እንዳያስገባ ሬንጅ የመሰለ ማሸጊያ ይቀባል፣ አረሩ ሲነቀል እሱ ይፈረፈርና ባሩዱ ውስጥ ይገባል፣ ጥቁሩ ፍርፋሪ ምናልባት እሱ ይሆናል። ቢጫው ደግሞ ከቀለሁ አፍ የተፋቀ ናስ ሊሆን ይችላል። እነዚህ ሁለቱ ጥሩ ነገር አይደሉም፣ በርሜል ይጭራሉ የባሩድ መስፈሪያም ውስጥ ይነክሳሉ፣ ግን እውነቱን ልንገርህ ካየሃቸው ነገሮች ሁሉ ቀላሎቹ እነሱ ናቸው፣ ወንፊትም ምናልባት የተወሰነውን ያወጣቸው ይሆናል።

እኔን ያስደነገጠኝ የቅንጣቶቹ ቅርጽ ነው። ክብና ዘንግ መሰል ባሩድ ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ምርት ተቀላቅሎ አይወጣም፣ አሰራራቸው ራሱ የተለያየ ነው። ስለዚህ እጅህ ላይ ያለው ቢያንስ ሁለት አይነት ባሩድ ነው ማለት ነው። ጭስ አልባ ባሩድ የሚነድበት ፍጥነት በቅንጣቱ ቅርጽና መጠን እንዲሁም ላዩ ላይ በተቀባው ማዘግያ ይወሰናል፣ ለሽጉጥ የተሰራው ቶሎ ይነዳል ለከባድ መትረየስ የተሰራው ደግሞ ቀስ ብሎ። የጠመንጃ ቀለህ ውስጥ የሽጉጥ ባሩድ በዛ ብሎ ከገባ ግፊቱ አረሩ ገና ብዙም ሳይንቀሳቀስ ጣራ ይነካል። የ.308 ዊንቸስተር ጥይት ከፍተኛ ግፊት በአሜሪካኖቹ የመሳሪያና የጥይት አምራቾች ማህበር፣ ሳሚ በሚባለው፣ ስታንዳርድ 62,000 ፒኤስአይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች) ነው፣ ይሄ ጣትህ ጫፍ በምታክል ቦታ ላይ ከባድ መኪና እንደማቆም ያለ ግፊት ነው፣ እና ይሄንን ከፊትህ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ይዞ የሚያስቀረው ቀለሁና የጠመንጃው መዝጊያ ብቻ ነው። ቀለሁ ከተቀደደ ጋዙ የሚመለሰው ወደ አይንህ ነው።

ወንፊት ይሄን አይለይልህም። በመጠን የተመሳሰሉ ሁለት ባሩዶች በአንድ ቀዳዳ ያልፋሉ፣ ሁለት ክብ ባሩዶች ደግሞ በማጉያ መነጽር ብታያቸው እንኳን አንዱን ከአንዱ ላትለይ ትችላለህ። አሁን ዘንግ መሰሉን ስላየኸው ነው የነቃኸው፣ ሁለቱም ክብ ቢሆኑ ኖሮ ምንም ሳታውቅ ትሞላው ነበር።

ወደ «ቀስ እያልክ ጨምር» ስንመጣ፣ ያ ዘዴ የቆመው በአንድ ነገር ላይ ነው፣ ጣሳው ውስጥ ያለው ባሩድ ከላይ እስከታች አንድ አይነት ነው በሚለው። የተቀላቀለ ባሩድ ግን በተነቃነቀ ቁጥር ይደረደራል፣ ትንንሾቹ ቅንጣቶች በትልልቆቹ መሀል እየሾለኩ ወደታች ይወርዳሉ። መኪና ውስጥ ሲጓዝ፣ ሼልፍ ላይ ስታነሳው ስታስቀምጠው፣ መስፈሪያው ውስጥ እጀታውን ስትመታው፣ ሁሌም ይደረደራል። ስለዚህ ከላይ ዘግነህ ሞክረህ «ደህና ነው» ያልከው መጠን ጣሳው ሲጋመስ ሌላ ባሩድ ሆኖ ይጠብቅሃል፣ ሚዛንህ ያው ግሬን (የባሩድ ክብደት መለኪያ) ያሳያል ግፊቱ ግን ያው አይደለም። ፕራይመሩ (ቀለሁ ቂጥ ላይ ያለው ባሩዱን የሚለኩሰው) ጠፍጥፎ እንደሆነ መዝጊያው ሲከፈት ጠጥሮ እንደሆነ እያየሁ አቆማለሁ እንዳትል ደግሞ፣ እነዚህ ምልክቶች ብዙ ጊዜ የሚታዩት ግፊቱ ከልኩ ካለፈ በኋላ ነው፣ እዚህ ደግሞ በአንዱ ጥይት ምንም ሳይታይ ቀጣዩ ሊያፈነዳ ይችላል።

ሌላም አለ፣ ሻጩ ከምን አይነት ጥይት እንደወጣ አልነገረህም። መንገዱን እያበራ ከሚሄድ ጥይት ከሆነ ከአረሩ ኋላ ያለው ማብሪያ ውህድ፣ ማግኒዢየም ምናምን ያለበት፣ ተፈርፍሮ ገብቶ ሊሆን ይችላል። የፕራይመር ውህድ ቁራጭ ከገባበት ደግሞ በመፈተግና በመመታት የሚነሳ ነገር ነው። በወንፊት ባሩድ መንፋት ማለት መፈተግ ማለት ነው። ይሄን ለአንተ ብቻ አይደለም ቤትህ ውስጥ ላሉት ሁሉ ብዬ ነው የምነግርህ፣ እባክህ አትንፋው።

ትርፍ ባሩድ ሁሉ መጥፎ ነው እያልኩ እንዳይመስልህ። አሜሪካ ውስጥ ብሩስ ሆጅደን የሚባለው ሰው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመንግስት ትርፍ 4895 የሚባል ባሩድ በገፍ ገዝቶ ለጥይት ሞይዎች መሸጥ ጀመረ፣ ዛሬ ትልቅ የሆነው ድርጅቱም የተነሳው ከዛ ነው። ግን ያ ምን እንደሆነ የታወቀ ባሩድ ነበር። እንደዛም ሆኖ የወታደር ባሩድና ሱቅ የሚሸጠው ቁጥራቸው ቢመሳሰልም አንድ አይደሉም፣ ለሱቅ የሚወጣው ከሎት ሎት (ሎት ማለት በአንድ ዙር የተመረተ ባሩድ ነው) እንዳይለያይ ተደባልቆ ይስተካከላል፣ ለጥይት ፋብሪካ የሚሄደው ግን ፍጥነቱ ከሎት ሎት ይለያያል፣ ፋብሪካው ለእያንዳንዱ ሎት በግፊት መለኪያ በርሜል እየተኮሰ ነው መጠኑን የሚወስነው። አንተና እኔ ያ በርሜል የለንም። ስለዚህ ትርፍ ባሩድ ልግዛ ካልክ ያልተከፈተ፣ ስሙና ሎት ቁጥሩ የተጻፈበት፣ ለዛ ሎት የተለካ የአሞላል መረጃ ያለው፣ ችግር ቢመጣ የሚጠየቅ ነጋዴ የሸጠው መሆን አለበት፣ ከዚህ አንዱ ከጎደለ ርካሽነቱን እርሳው።

ጥያቄ፦ የኔ ባሩድ ቆሻሻ የለውም ግን አሮጌ ነው፣ ክዳኑን ስከፍተው አፍንጫ የሚቆነጥጥ ሽታ አለው፣ የክዳኑ ውስጥ በኩልም ዝጓል። በትንሽ መጠን ለልምምድ ብጠቀምበትስ?

መልስ፦ አትጠቀምበት እህቴ። ጤነኛ ባሩድ የአልኮል ወይም የአሴቶን አይነት ቀለል ያለ የሟሟ ሽታ ነው ያለው። የሚቆነጥጥ፣ አሲድ አሲድ የሚል ሽታ ከመጣ ባሩዱ እየበሰበሰ ነው። ጭስ አልባ ባሩድ መሰረቱ ናይትሮሴሉሎስ ነው፣ እሱ ደግሞ ከተሰራበት ቀን ጀምሮ በጣም በዝግታ እየፈረሰ የናይትሮጅን ኦክሳይድ ጋዝ ይለቃል፣ ጋዙ ከእርጥበት ጋር አሲድ ይሆናል፣ አሲዱ መፍረሱን ያፋጥነዋል። ይሄን ለማቆም ነው ፋብሪካው እንደ ዳይፌኒላሚን ያለ ማረጋጊያ የሚጨምርበት፣ ማረጋጊያው ጋዙን እየያዘ እየያዘ አንድ ቀን ያልቃል፣ ሙቀት ሲጨምር ደግሞ ቶሎ ያልቃል። ካለቀ በኋላ ባሩዱ ራሱን ያሞቃል። ያየሽው ዝገት የዛ አሲድ ስራ ነው፣ ቀይ ቡናማ አቧራ ወይም ቡናማ ጭስ ከታየ ደግሞ በጣም ሄዷል ማለት ነው።

ይሄ የወረቀት ላይ ስጋት አይደለም። የፈረንሳይ የጦር መርከቦች ኢየና እ.ኤ.አ. በ1907፣ ሊበርቴ ደግሞ በ1911 ቱሎን ወደብ ላይ እንደቆሙ ፈንድተው በሁለቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞተዋል፣ ምክንያት ተብሎ የቀረበውም ያረጀው ፑድር ቤ የሚባለው ባሩዳቸው መበላሸቱ ነው። በቅርቡም እ.ኤ.አ. በ2012 አሜሪካ ሉዊዚያና ግዛት ውስጥ ካምፕ ሚንደን የሚባል ቦታ የወታደር ትርፍ ባሩድ ያለበት መጋዘን ፈነዳ፣ ከዛ ሲፈተሽ ወደ 15 ሚሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ ኤም6 የሚባል ባሩድ በአግባቡ ሳይቀመጥ ተከማችቶ ተገኘ፣ በራሱ ሊነሳ ይችላል ተብሎ ስለተፈራ ተቃጥሎ እስኪያልቅ አመታት ወሰደ።

«በትንሽ መጠን» ያልሽው ሌላ አደጋ አለው። የተበላሸ ባሩድ ጉልበቱ አይታወቅም፣ ደክሞ አረሩን በርሜል መሀል ጥሎት ሊቀር ይችላል፣ ያንን ሳታውቂ ቀጣዩን ከተኮስሽ በርሜሉ ይፈነዳል። ድምጹ ከተለመደው ያነሰ ተኩስ ከሰማሽ በማንኛውም ባሩድ ይሁን አፈሙዙን ደህና አቅጣጫ እንደያዝሽ ቆም በይ፣ አውርጂና በርሜሉ ክፍት መሆኑን ሳታረጋግጪ ሁለተኛ ምላጭ አትሳቢ።

ጥያቄ፦ እኔ ከእንደዚህ አይነቱ ባሩድ ቀድሜ የሞላሁት ጥይት አለኝ፣ የተወሰነውን ተኩሼው ምንም አልሆንኩም። የቀረውን ልጨርሰው?

መልስ፦ አትጨርሰው። የተኮስከው ስለቀረው ምንም አይነግርህም፣ ከላይ ስለመደርደር የጻፍኩትን አንብበው። የቀረውን ለብቻው በሳጥን አድርግና «አይተኮስ» ብለህ በትልቁ ጻፍበት፣ ማንም ሳያውቅ እንዳያነሳው። ለጓደኛ መስጠት መሸጥ የለም። የተበላሸ ባሩድ ያለበት ከሆነ ቀለሁን ከውስጥ አሲድ ይበላዋል፣ ከውጪ አንገቱ ላይ ስንጥቅ ወይም የአረሩ ዙሪያ አረንጓዴ ነገር ካየህ አትነካካው፣ ለመንቀልም አትሞክር፣ ያካባቢህን ፖሊስ ጠይቅና ጥይት የሚያስወግዱት ሰዎች ይውሰዱት።

ጥያቄ፦ ላስወግደው ወስኛለሁ፣ ግን የት ልጣለው? እስከዛስ የብረት ሳጥን ውስጥ ልቆልፍበት?

መልስ፦ ጥብቅ አድርጎ የሚዘጋ የብረት ሳጥን ውስጥ እንዳታስገባው። ጭስ አልባ ባሩድ ሜዳ ላይ ቢያዝ በሀይል ይነዳል፣ ታፍኖ ከነደደ ግን ይፈነዳል፣ የፋብሪካው ጣሳ እሳት ቢነሳ ቶሎ እንዲከፈት ታስቦ የተሰራው ለዚህ ነው። ስለዚህ ጣሳው ዝጎ እስካልተበላሸ እዛው ይሁን፣ ከጸሀይ ከሙቀትና ከእሳት ራቅ ብሎ፣ ከሌላ ባሩድና ከፕራይመር ተለይቶ፣ ልጆች የማይደርሱበት። መስታወት ጠርሙስ ወይም ሌላ ነገር የነበረበት እቃ ውስጥ አትገልብጠው፣ ከወር በኋላ አንድ ሰው ሌላ ነገር መስሎት ሊያነሳው ይችላል። ሽንት ቤት፣ ቱቦ፣ የቆሻሻ ገንዳ፣ እነዚህ ሁሉ አይሆኑም፣ ቆሻሻ የሚያነሱትና የሚጨምቁት ሰዎች ምን እንደያዙ አያውቁም።

እሳት አደጋ ወይም ፖሊስ ደውልና መጠኑን፣ ከየት እንደመጣና ምን እንዳየህበት በግልጽ ንገራቸው፣ ትርፍ መሆኑንም አትደብቅ፣ እንደየሀገሩ ህግ ማን እንደሚረከብህ ይነግሩሃል። ጣሳው በእጅህ ስትነካው ሞቅ ካለ ወይም ቡናማ ጭስ እየወጣ ከሆነ ግን አታንቀሳቅሰው ክዳኑንም አትክፈት፣ ሰው ሁሉ ይውጣ፣ የምትደውለውም ከቤቱ ርቀህ ነው።