«ማኛና»፦ ስፓኒሽ ለምትማሩ ልጆቼ

ልጆቼ፣

ስፓኒሽ የምትማሩ ወጣቶች እየበዛችሁ ስትመጡ ሳይ ከልቤ ደስ ይለኛል። እኔ ቋንቋውን የለመድኩት ኩባ ውስጥ፣ ኢስላ ዴ ላ ኹቬንቱድ በምትባለው ደሴት ነው። በ1970ዎቹ በሺዎች የምንቆጠር የኢትዮጵያ ልጆች እዚያ ተምረናል። ግማሽ ቀን ክፍል ውስጥ፣ ግማሽ ቀን የግሬፕፍሩት እርሻ ላይ። ከዚያ ወዲህ እንጀራዬ ማስተርጎም ነው።

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ቃል ነው፤ ማኛና። አጠራሩ ከጠፋችሁ ማኛ ጤፍን አስቡ።

ማኛና ጠዋት ነው። ማኛና ነገም ነው። ከፊቱ «ላ» ካለ ጠዋት፣ ብቻውን ከመጣ አብዛኛውን ጊዜ ነገ። «ኤል ማኛና» ከተባለ ደግሞ መጪው ዘመን። «ማኛና ፖር ላ ማኛና» ነገ ጠዋት፣ «ፓሳዶ ማኛና» ከነገ ወዲያ። «ላስ ዶስ ዴ ላ ማኛና» ስትሰሙ ደግሞ ጠዋት 2 ሰዓት እንዳይመስላችሁ። በእኛ ቆጠራ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለውንም ሰዓት ከማኛና ይቆጥሩታል።

ይህቺ «ላ» ምን ያህል እንደምትከብድ የተማርኩት በሰው ጤና ነው። ገና ጀማሪ አስተርጓሚ ነበርኩ። ዶክተሩ ኩባዊ፣ ታካሚዋ ደም ግፊት ያለባቸው እናት። «ኡና ፖር ላ ማኛና» አለ፣ ጠዋት ጠዋት አንድ ክኒን ማለቱ ነው። ብዙ ሰው አስተናግጄ ደክሞኝ ነበር። «እማማ፣ ነገ አንድ ይውሰዱ» አልኳቸው።

በሳምንቱ ተመለሱ። ግፊታቸው ጨምሯል። ከክኒኑ የጎደለው አንድ ብቻ ነው። ዶክተሩ መድኃኒቱን ለምን እንዳልወሰዱ በቁጣ ጠየቃቸው። «ልጄ፣ አንተ ያልከኝን ነው ያደረግኩት» አሉኝ፣ በእርጋታ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ለዶክተሩም ለእሳቸውም ተናገርኩ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ከዚያ በኋላ ሳላረጋግጥ አላስተረጉምም። «ቶዶስ ሎስ ዲያስ?» እላለሁ፤ በየቀኑ ወይ? መልሱ ሁለት ሰከንድ አይፈጅም። ወጣት አስተርጓሚዎች መጠየቅን እንደ አለማወቅ ሲያዩት ያሳዝነኛል። ዶክተሩ በጥያቄ ብዛት አይሞትም፤ ታካሚው ግን በዝምታችሁ ሊሞት ይችላል።

ቃላት ለይታችሁ በዝርዝር አትሸምድዱ። ደብተራችሁ ላይ «ማኛና = ነገ» ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ እኔ የሠራሁትን ስህተት እየተለማመዳችሁ ነው። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ማን ለማን እንደተናገረውም ጨምሩበት።

ደግሞ ቃሉን እንግዳ አታድርጉት። በግዕዝ ነግህ ጠዋት ነው፤ ቤተ ክርስቲያን የጠዋቱን ጸሎት ጸሎተ ነግህ ትለዋለች። እኛም «ነጋ» እንላለን፣ «ነገ» እንላለን። ጀርመኖችም ለጠዋትም ለነገም ሞርገን ነው የሚሉት። ሰው ሌሊቱን አልፎ የሚያየው የመጀመሪያ ነገር ጠዋት ስለሆነ ይመስለኛል። ይህን ካየሁ ወዲህ ማኛናን እወደዋለሁ።

እንግዲህ አንድ ሰው በስልክ «ማኛና» ብሎ ሊዘጋባችሁ ሲል፣ ቶሎ ብላችሁ «አ ኬ ኦራ?» በሉት። በስንት ሰዓት? ሰዓቱን ሲነግራችሁ በእነሱ ቆጠራ መሆኑን አስታውሳችሁ ከ6 በላይ ከሆነ 6 ቀንሱ፣ 6 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ 6 ጨምሩ፣ ከዚያ ጻፉት።