ኦፕን ሶርስ የኢሜይል ፕሮግራም፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

በነፃ የሚገኝ፣ ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት) የሆነ የኢሜይል ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ላይ መጫን የሚፈልግ ይጠይቀኝ ብዬ ነበር። በርካታ ጥያቄ ደርሶኛል፤ በየተራ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ጂሜይልን በብራውዘር ነው የምከፍተው። ፕሮግራም መጫን ምን ይጨምርልኛል?

መልስ፦ ኔትወርክ ሲጠፋ ደብዳቤህ አብሮ አይጠፋም። የወረደውን ታነባለህ፣ መልስ ጽፈህ ታስቀምጣለህ፤ መስመሩ ሲመለስ ትልከዋለህ። ሁለት ሦስት አድራሻ ካለህ ደግሞ ሁሉንም በአንድ መስኮት ታያለህ።

ጥያቄ፦ ታዲያ የትኛውን ልያዝ?

መልስ፦ ዊንዶውስም ይሁን ማክ ወይም ሊኑክስ፣ በተንደርበርድ ጀምር። 1.0 እትሙ የወጣው በ2004 እ.ኤ.አ. ነው፤ በ2023 በወጣው 115ኛ እትም መልኩ ታድሷል። ካላንደርም የአድራሻ መዝገብም አለው፤ ደብዳቤ መቆለፊያው ኦፕንፒጂፒም አብሮት ይመጣል። ሊኑክስ ላይ ሆነህ መሥሪያ ቤትህ ማይክሮሶፍት ኤክስቼንጅ የሚባለውን የመሥሪያ ቤት የኢሜይል ሥርዓት የሚጠቀም ከሆነ ኢቮሉሽንን ሞክር።

ጥያቄ፦ የእኔ ላፕቶፕ አሮጌ ናት፤ ራሟ 2 ጂቢ ብቻ።

መልስ፦ ክሎስ ሜይል። በጣም ቀላል ነው። ባለቀለምና ባለሥዕል ደብዳቤ ግን አይጽፍም፣ ጽሑፍ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ስጭነው «አይማፕ ወይስ ፖፕ» አለኝ። ዝም ብዬ ፖፕን ብመርጥስ?

መልስ፦ እህቴ፣ አደራሽን እዚህ ላይ አትቸኩዪ። ከፕሮግራሙ ምርጫ ይልቅ ይኼኛው ይበልጣል። በአይማፕ ዋናው ደብዳቤ ሰርቨሩ (የኢሜይል አቅራቢሽ ኮምፒውተር) ላይ ይቆያል፤ ስልክሽም ላፕቶፕሽም አንድ ዓይነት ነገር ያያሉ። ፖፕ ግን ደብዳቤውን አውርዶ ኮምፒውተርሽ ላይ ያስቀምጣል፤ እንደ አሞላልሽ ወዲያው ወይም የተወሰነ ቀን ሲሞላ ከሰርቨሩ ይሰርዘዋል።

አንዲት የማውቃት ነጋዴ የሦስት ዓመት ውልና ደረሰኟ በፖፕ ወርዶ አንዲት ላፕቶፕ ላይ ነበር። ላፕቶፗ ተሰረቀች። ሰርቨሩን ስንከፍት ያገኘነው የ14 ቀን ደብዳቤ ብቻ ነው፤ ፕሮግራሙ ከ14 ቀን በኋላ እንዲሰርዝ ሆኖ ነው የመጣው፣ ያንን ቁጥር ማንም አልቀየረውም ነበር። ደንበኞቿ ጋ እየደወለች «የላክሁላችሁን እባካችሁ መልሳችሁ ላኩልኝ» ስትል አጠገቧ ነበርኩ። ስለዚህ አይማፕን ምረጪ። እሱም ቢሆን መጠባበቂያ አይደለም፤ ስልክሽ ላይ የሰረዝሽው ከኮምፒውተሩም ይሰረዛል።

ጥያቄ፦ በሞባይል ዳታ ነው የምጠቀመው። ሁሉንም አውርዶ ካርዴን እንዳይጨርሰው ፈራሁ።

መልስ፦ ልክ ነህ፣ ተንደርበርድ ካልነገርከው ሁሉንም ያወርዳል። በአካውንት ሴቲንግ «ሲንክሮናይዜሽን ኤንድ ስቶሬጅ» የሚለውን ክፈት። የቅርብ 30 ቀን ብቻ እንዲያወርድ፣ ከወሰንከው መጠን በላይ የሆነውን ደግሞ እንዲተው ማድረግ ይቻላል።

ጥያቄ፦ የጂሜይል ፓስዎርዴ ትክክል ሆኖ ሳለ አይቀበለኝም።

መልስ፦ ጉግል ተራ ፓስዎርድ ብቻ የሚልክ ፕሮግራም አይቀበልም። የመግቢያ ዘዴውን «ኦኦዝ2» (OAuth2) አድርጊው፤ የጉግል መግቢያ መስኮት ይመጣልሻል። መስኮቱ ካልሠራ ተንደርበርድ ውስጥ ኩኪ (ድረ ገጾች መግቢያሽን ለማስታወስ የሚያስቀምጡት ትንሽ ፋይል) ተዘግቶ እንደሆነ እዪ።

ጥያቄ፦ አማርኛው ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይታየኛል።

መልስ፦ ፎንት የለህም ማለት ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ጫንና በፎንት ሴቲንግ ውስጥ «ኢትዮፒክ» ለሚለው እሱን ምረጥ። የድሮ ደብዳቤ ሆኖ በሳጥን ፋንታ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ካሳየህ ግን ከዩኒኮድ (ዛሬ ሁሉም ኮምፒውተር ከሚጠቀምበት የፊደል ኮድ) በፊት በነበረ ፎንት የተጻፈ ሳይሆን አይቀርም፤ ያንኑ ፎንት ካላገኘህ ለማንበብ ያስቸግራል።

ጥያቄ፦ ነፃ ከሆነ ማን ይከፍላል?

መልስ፦ ተንደርበርድ የሚኖረው በዋናነት ተጠቃሚዎች በሚያዋጡት ገንዘብ ነው። የቻለ ቢያዋጣ ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ልጆቼ አዲስ ኮምፒውተር ገዙልኝ፤ ደብዳቤዎቼን እንዴት ላሻግር?

መልስ፦ ጋሼ፣ ቀላል ነው። በአሮጌው ኮምፒውተር ላይ «ሄልፕ» ውስጥ ገብተው «ትራብልሹቲንግ ኢንፎርሜሽን» የሚለውን ይጫኑ፤ የፕሮፋይል ፎልደሩ (ደብዳቤዎችዎ ያሉበት) የት እንዳለ ያሳይዎታል። ተንደርበርድን ዘግተው ፎልደሩን እንዳለ ፍላሽ ላይ ይገልብጡት። ከዚያ በአዲሱ ላይ ተንደርበርድን ጭነው ልጆችዎ በቦታው ያስገቡልዎት። አዲሱ ላይ የድሮ ደብዳቤዎን ከፍተው እስኪያነቡ ድረስ ግን አሮጌውን ለማንም አይስጡ።