መልስ፦ ስዊፍት የጋማ ፍንዳታን አቅጣጫ በምን ያውቃል?

ስዊፍት የጋማ ፍንዳታን፣ ማለትም ከሩቅ ሕዋ ድንገት የሚመጣ የጋማ ጨረር ብልጭታን፣ የሚፈልግ ሳተላይት ነው። አቅጣጫውን የሚያውቀው በጥላ ነው። ሌንስ ከሌለው እንዴት ያውቃል ብለህ ጠይቀሃል፤ ልክ ነህ፣ ስዊፍት ላይ ጋማ ጨረር የሚሰበስብ ሌንስ የለም።

ጨረሩን ከሚቆጥሩት ዳሳሾች በላይ 1 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ 52,000 ገደማ ትናንሽ የእርሳስ ብረት ካሬዎች የተለጠፉበት ክዳን አለ። የእያንዳንዷ ጎን 5 ሚሊ ሜትር ነው። አደራደራቸው ሆን ተብሎ ዝብርቅርቅ ተደርጓል። ጨረሩ ሲመጣ ከሥር ባሉት 32,768 ዳሳሾች ላይ ጥላቸው ያርፋል። በመስኮት ፍርግርግ የገባች ፀሐይ ወለሉ ላይ የምትሠራውን ጥላ አስብ። ፀሐይዋ ቦታ ስትቀይር ጥላውም ይንሸራተታል። ኮምፒውተሩ ይህን መንሸራተት አይቶ አቅጣጫውን ያሰላል።

ስህተቱ ከ1 እስከ 4 አርክ ደቂቃ (አንድ አርክ ደቂቃ የዲግሪ 1/60 ነው) ብቻ ነው። የሙሉ ጨረቃ ስፋት 30 አርክ ደቂቃ ያህል ነው! ከዚያ ሳተላይቱ ማንም ሳያዘው ራሱ ይዞርና በኤክስሬይ ቴሌስኮፑ ቦታውን ወደ ጥቂት አርክ ሰከንድ (የአርክ ደቂቃ 1/60) ያጠበዋል።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። ፌርሚ በተባለው ሌላ ሳተላይት ላይ ያለው ጂቢኤም የተባለ የጋማ ፍንዳታ መቆጣጠሪያ መሣሪያ እንዲህ ዓይነት ክዳን የለውም። የትኛው ዳሳሽ ይበልጥ እንደቆጠረ አነጻጽሮ ስለሚገምት በብዙ ዲግሪ ሊስት ይችላል። እኔ ይህን ሳላውቅ ጂቢኤም ፍንዳታ እንዳየ የሚላከውን የመጀመሪያውን ማስታወቂያ ይዤ ሌሊቱን ሙሉ ባዶ ሰማይ ፎቶ ሳነሳ አድሬያለሁ። የስህተቱን ክብ ስፋት ሳታይ ቴሌስኮፕህን አታዙር።